ሙያም ፊደል ይፈልጋል



ሙያ ያለው ሰው አይራብም ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን ሙያም ይለወጣል። ባለሙያው አብሮ ካልተማረ ሙያው ጥሎት ይሄዳል። ዛሬ ስለ መኪና ጥገና ላጫውታችሁ።

እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በክረምት ማታ ማታ ጎልማሶችን አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ አንዱ የጋራዥ ሠራተኛ ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ፊደል ሳይቆጥሩ ከሃያ ዓመት በላይ ሞተር ሲፈቱና ሲገጥሙ ኖረዋል። ድምፁን ሰምተው ብቻ «ካንዴላው ነው» ይላሉ።

አንድ ማታ እንዲህ አሉኝ። «ልጄ፣ እኔን እዚህ ያመጣኝ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ይኼ መኪና ድምፅ የለውም። ምኑን ልስማ?»

ጥያቄው የእሳቸው ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ከዚያ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በአዲስ አበባ መንገድ በዝቷል።

የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ የለውም። ማርሚታ የለውም። ፍሪሲዮን የለውም። የሞተር ዘይት አይቀየርለትም። ታዲያ የጋሼ ሙያ አበቃለት? የለም፣ አላበቃም። ፍሬኑ አለ። ጎማው አለ። መሪው አለ። ይህን ሁሉ እጃቸው ያውቀዋል። አዲስ የመጣው ነገር ግን ማንበብ ይጠይቃል። ምክንያቱ ሁለት ነው።

አንደኛው ሕይወት ነው። የተለመደው የቤት መኪና ባትሪ 12 ቮልት ነው። በደረቅ እጅ ቢነካ አይጎዳም። የቤታችን ሶኬት 220 ቮልት ነው። ይህ ሰው ይገድላል። የኤሌክትሪክ መኪና ትልቁ ባትሪ ደግሞ በብዙዎቹ ከ300 ቮልት በላይ ነው። ኃይሉ የሚያልፍበት ወፍራም ሽቦ ብርቱካንማ ቀለም አለው። ቢጫ ሦስት ማዕዘን ውስጥ መብረቅ የተሣለበት ምልክትም ይለጠፋል። መኪናው ቢጠፋም ኃይሉ ወዲያው ላይጠፋ ይችላል። ስንት ደቂቃ መጠበቅ እንደሚገባ መመሪያው ላይ ተጽፏል። የሚችለው ቮልትም ጓንቱ ላይ ታትሟል። ጽሑፉ ብዙ ጊዜ በባዕድ ቋንቋ ነው። ቁጥሩ ግን ያው ነው። ቁጥሩን የማያነብ ሰው እጁ ምንም ቢሠለጥን ከአደጋ አያመልጥም።

ሁለተኛው ምክንያት እንጀራ ነው። የአዲሱ መኪና ብልሽት ብዙውን ጊዜ በጆሮ አይታወቅም። መመርመሪያ መሣሪያ ይሰካል። ብልሽቱ በፊደልና በቁጥር ይወጣል። ያነበበ ይጠግናል። ያላነበበ መኪናውን አጥቦ ይመልሳል።

ጋሼ «በዚህ ዕድሜዬ ይገባኛል ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። እስቲ የጋራዡን ቃላት አስቡ። ፍሬን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን። ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። አባቶቻችን ሙያውን ከነስሙ ተምረው የራሳቸው አደረጉት። ለእነሱም ያኔ አዲስ ነበር። እነሱ ከቻሉ እኛም እንችላለን።

እኛ አስተማሪዎችም መለወጥ አለብን። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር የጣት አሻራ ቀርቶ ስምን መጻፍ ትልቅ ነገር ነበር። ዛሬም ትልቅ ነገር ነው። ግን አይበቃም። ስለዚህ በክፍላችን «በሬ» ብለን ጽፈን «ባትሪ» ብለንም እንጽፋለን። ቁጥር ስንማር 12ን ከ220፣ 220ን ከ300 እናመዛዝናለን። ጋሼ ከስማቸው ቀጥሎ የጻፉት ቃል «አደጋ» የሚለው ነው። በካርቶን ላይ ጽፈው ጋራዡ ውስጥ ሰቅለውታል።

እርግጥ ፊደል ብቻውን የኤሌክትሪክ መኪና አያስጠግንም። የሙያ ሥልጠና ያስፈልጋል። የሥልጠናውን በር የሚከፍተው ግን ፊደል ነው።

ውድ አንባቢዎች፣ ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል። በዚህ ሳምንት ከምትሠሩበት ዕቃ ላይ አንድ ቃልና አንድ ቁጥር ገልብጡ። ከማዳበሪያ ጆንያ ይሁን፣ ከስፌት መኪና ይሁን፣ ከስልካችሁ ይሁን። ደብተራችሁ ላይ ጽፋችሁ ወደ ክፍል አምጡት። አብረን እናነበዋለን።