ስለ ርካሹ የባቡር ቲኬት

ከሐይቅ ተነሥቶ ወደ አውሮጳ የሚሄድ ሰው መንገዱ አንድ አይደለም፤ ቢያንስ አራት ነው። ከሐይቅ እስከ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ይሄዳል። ከደሴ ወደ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትሩን በአውቶቡስ ይጓዛል፤ ወይም ወደ ኮምቦልቻ ወርዶ በአይሮፕላን ይሄዳል። ከቦሌም ተነሥቶ ሌሊቱን ሲበር ያድራል፤ በነጋውም ካረፈበት ከተማ ወደሚማርበት ወይም ወደሚሠራበት ቦታ በባቡር ይቀጥላል። ከአራቱ ሦስቱን እናውቃቸዋለን። የደሴው አውቶቡስ ቢያመልጥ መንገደኛው ደሴ አድሮ በማግሥቱ ይሄዳል፤ ደሴ ላይ ዘመድ የሌለው የሐይቅ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። አራተኛው ግን፣ ማለት የባቡሩ፣ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነው። ልጆቻቸውን ለትምህርት ወደ ውጭ የሚልኩ ወላጆች እየበዙ ስለ ሄዱ፣ ስለዚሁ ጥቂት መጻፍ አስፈላጊ መስሎ ታየኝ።

ባቡር ለአገራችን እንግዳ ነው ማለቴ አይደለም። ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. ገደማ መዘርጋት የተጀመረው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቷል። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበርና መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ እያደረ በሦስተኛው ቀን ይደርስ ነበር። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የሚወስደው አዲስ መሥመርም በ2007 ዓ.ም. ሥራው ተጀምሮ ሐዲዱ በወሎ ምድር ተነጥፏል፤ የሐይቅ ሰው ግን ዛሬም መንገዱን የሚጀምረው በመኪና ነው። የቀድሞው ባቡር የቲኬት ዋጋ በማዕረግና በርቀት ይለያይ ነበር እንጂ ቲኬቱ በተቆረጠበት ቀን አይለያይም ነበር። የአውሮጳው ልማድ ከዚህ የተለየ ነው።

በጀርመን አገር ለአንድ መንገድ ሁለት ዓይነት ዋጋ አለ። አንደኛው ፍሌክስፕራይስ ይባላል፤ ይህን የገዛ ሰው በተጻፈው ቀንና መሥመር በፈለገው ባቡር ይሳፈራል። ሁለተኛው ሽፓርፕራይስ፣ ከእርሱም የሚረክሰው ሱፐር ሽፓርፕራይስ ነው። ይህ ቀደም ብሎ ሲቆረጥ ዋጋው ከመጀመሪያው እጅግ ያንሳል፤ ነገር ግን በቲኬቱ ላይ ከተጻፈው ፈጣን ባቡር በቀር በሌላ አያሳፍርም፤ ሱፐር የተባለውም ገንዘቡ አይመለስም። በእንግሊዝ አገር አድቫንስ የሚባለው ቲኬት እንደዚሁ በአንድ ባቡር ብቻ የታሰረ ነው። እንግዲህ ርካሽነቱ ከቸርነት የመጣ አይደለም፤ መንገደኛው የሰዓት ነጻነቱን ሸጦ የሚያገኘው ቅናሽ ነው። የሰዓት ነጻነት ያለው ሰው ቢሸጠው መልካም ነው። በአይሮፕላን የሚመጣ ሰው ግን የራሱ ያልሆነውን ሰዓት ነው የሚሸጠው።

የወንድሜ ልጅ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ላይፕሲግ ስትሄድ ይህ ነገር ከቤታችን ገባ። አባትዋ በሐይቅ ገበያ እህል ነጋዴ ነው። የአይሮፕላኑን ቲኬት የትምህርቱን ዕድል የሰጣት ተቋም ቆርጦላታል፤ ከፍራንክፉርት እስከ ላይፕሲግ ያለው ግን በራስዋ ነው። የመጀመሪያው አበል እስኪከፈላት ድረስ በእጅዋ የሚቀረው 200 ዩሮ ብቻ ነበር። ርካሹ ቲኬት 30 ዩሮ፣ የማይታሰረው 90 ዩሮ ሆኖ አገኘነው። «ጋሼ፣ አይሮፕላኑ ቢዘገይስ?» ብላ ጠየቀችኝ። ባቡሩ ራሱ ቢዘገይ፣ ይኸውም ወደ መድረሻው 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ ዘግይቶ እንደሚገባ ከታወቀ፣ ርካሹም ቲኬት ከእስራቱ ይፈታል፤ በሌላ ባቡር መሄድ ይቻላል። አይሮፕላን ዘግይቶበት ባቡሩ ያመለጠው ሰው ግን ይህ ዕድል የለውም፤ ሌላ ቲኬት መግዛት አለበት አልኋት።

ወንድሜ ይህን ሲሰማ ተቈጣ። «የዘገየው አይሮፕላን፤ የምትከፍለው ልጄ። ይህ ምን ዓይነት ዳኝነት ነው?» አለ። እኔም በራሱ ንግድ ልመልስለት ሞከርሁ። «እህል ከሐይቅ ኮምቦልቻ ድረስ በአንድ መኪና፣ ከዚያ ወዲያ በሌላ መኪና ብትጭን፣ የመጀመሪያው ሲዘገይ ሁለተኛው ጥሎህ ቢሄድ ማንን ትከሳለህ?» አልሁት። ጥቂት አሰበና «ሁለቱንም መኪና የያዘልኝ አንድ ሰው ከሆነ እርሱን፤ እኔው ለየብቻ የተዋዋልኋቸው ከሆነ ግን ማንንም» አለ። ነገሩ ይኸው ነው። አይሮፕላኑና ባቡሩ በሁለት ውል ሲያዙ በመካከላቸው ያለው ክፍተት የመንገደኛው ብቻ ነው። የአውሮጳ ኅብረት በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቁጥር 261 ደንብ ለዘገየ በረራ ካሣ ያስከፍላል። ይህም ደንብ ቢሆን ከኅብረቱ አገሮች ለሚነሣ በረራ ሁሉ ሲያገለግል፣ ወደዚያ ለሚገባው ግን የሚያገለግለው የአይሮፕላኑ ድርጅት የአውሮጳ ሲሆን ነው፤ ለብቻው ስለ ተቆረጠ የባቡር ቲኬትም አይናገርም። ሬይል ኤንድ ፍላይ የሚባል፣ ከአይሮፕላኑ ቲኬት ጋር አብሮ የሚሸጥ፣ በአንድ ባቡር ያልታሰረ ቲኬት አለ። የአይሮፕላን ቲኬቱን ራሱ የሚገዛ ሰው ከመክፈሉ በፊት ይህን መጠየቅ አለበት። ለእርስዋ ግን ጊዜው አልፎ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሒሳብ ጀመርን። ርካሹን ገዝታ ባቡሩ ቢያመልጣት 30 ዩሮው ከስሮ ሌላ 90 ትከፍላለች፤ በጠቅላላው 120 ነው። ካላመለጣት 30 ብቻ ከፍላ 60 ዩሮ ታተርፋለች። በስሌት ብቻ ከተሄደ፣ አይሮፕላኑ ከሦስት ጉዞ ሁለቱን ባቡር የሚያስመልጥ ካልሆነ በቀር ርካሹ ይሻላል። ነገር ግን ይህ ስሌት መቶ ጊዜ ለሚመላለስ ሰው ነው፤ እርሱ ዛሬ የከሰረውን በሚቀጥለው ጉዞ ያገኘዋል። አንድ ጊዜ ለምትሄድ ልጅ «በአማካይ» የሚባል ነገር የለም። ወይ 170 ዩሮ ይዛ ትደርሳለች፣ ወይ 80 ይዛ። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ቲኬቱ ረከሰ ወይስ ተወደደ አይደለም፤ ባቡሩ ቢያመልጥ የሚከፈለው 90 ዩሮ በኪስ አለ ወይስ የለም ነው። ርካሹን ቲኬት ያለ ሥጋት ለመግዛት ውዱን የሚገዛ ገንዘብ መያዝ ያስፈልጋል። ድኻው ለምን ብዙ ጊዜ ሁለት እጥፍ እንደሚከፍል ከዚህ ይገባናል።

የቀረው የሰዓት ጉዳይ ነበር። ብዙ ሰው የሚቈጥረው አይሮፕላኑ ከሚያርፍበት ደቂቃ ጀምሮ ነው። ከዚያ በኋላ ግን የፓስፖርት ሰልፍ አለ፤ ሻንጣ መጠበቅ አለ፤ በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ተከፈተው የረጅም መንገድ ባቡር ጣቢያም ጓዝ እየጎተቱ መሄድ አለ። ደግሞ የእኛ ሰዓት አቈጣጠር አለ። በቲኬቱ ላይ 10:00 ተብሎ የተጻፈው በእኛ ከጧቱ 4 ሰዓት ነው፤ እንደ ልማዳችን ያነበበው ሰው ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይመጣል። ከዚህም ሌላ የጀርመን ሰዓት ከአዲስ አበባው በበጋቸው አንድ፣ በጥቅምት እ.ኤ.አ. ማለቂያ ካለው እሑድ ጀምሮ ደግሞ ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። አይሮፕላኑ ማለዳ የሚያርፍ ስለ ሆነ ቀኑ በሙሉ በፊትዋ ነበር። ስለዚህ ከማረፊያው አራት ሰዓት የሚርቅ ባቡር መርጠን ርካሹን ቈረጥን። ወንድሜም 90 ዩሮ በፖስታ አሽጎ «ባቡር ካላመለጠሽ አትክፈችው» ብሎ ሰጣት።

መሥመሩ በጎታ ከተማ በኩል የሚያልፍ መሆኑን ስነግራት ደስ አላት። ዛሬ ደቡብ ወሎ በምንለው ምድር፣ በመካነ ሥላሴ የተወለዱት አባ ጎርጎርዮስ በ1652 እ.ኤ.አ. ከሮማ ተጠርተው ጎታ ገብተው ከሊቁ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ስለ ግእዝና ስለ አማርኛ ሠርተዋል። እርሳቸው ቲኬት አልቈረጡም፤ ለመመለስ በተነሡበት ጉዞ ግን በ1658 እ.ኤ.አ. መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ሞተዋል። ይህን የመጨረሻውን ለልጅቱ አልነገርኋትም።

አይሮፕላኑ ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ተኩል ዘግይቶ ተነሣ። ሰልፉና ሻንጣው ሌላ አንድ ሰዓት ወሰደባት። ወደ ጣቢያው ስትደርስ ከአንድ ሰዓት በላይ ተርፎአት ነበርና ተቀምጣ ከቤት የያዘችውን ዳቦ ቈሎ በላች። ማታ ከላይፕሲግ ስትደውል አባትዋ ስለ ከተማው አልጠየቃትም።

«ፖስታውስ?» አላት።

«እንደ ታሸገ ነው፣ አባባ።»