የማን ልጅ ናት?

ሐረር ውስጥ፣ በጀጎልም ሆነ ከግንቡ ውጭ፣ ሰው ስማችንን ከመጠየቁ በፊት የማን ልጆች እንደ ሆንን ይጠይቀናል። ቦዔዝም ቤተ ልሔም እርሻው ላይ ስትቃርም ስላያት ሩት የጠየቀው ይህንኑ ነው። ሞዓባዊት ናት አሉት። የሞዓብ ትውልድ ከሎጥና ከገዛ ልጁ የመጣ ነው፤ ኦሪት ዘዳግም 23፥3 እስከ አሥር ትውልድ ከጉባኤ ይከለክለዋል። ቦዔዝ ግን ያነሣላት ለአማቷ ያደረገችውን ነው። ማቴዎስ 1፥5ን ያነበበ ምክንያቱን ሳይገምት አይቀርም፤ የቦዔዝ እናት የኢያሪኮዋ ረዓብ ናትና።

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ቤታችን ስንገባ ወንድማችን ሊያገባት ያሰባት ልጅ ነገር ተነሣ። ሰባት ቤት ሲቈጠር አያቷ ቆዳ ፋቂ ሆነው ተገኙ፤ ጋብቻውም በዚያው ቀረ። (የእኛ የአያታችን አያት ንጉሥ ምኒልክ ሐረርን በ1879 ዓ.ም. ሲይዙ ከሠራዊቱ ጋር የገቡ እንግዳ ናቸው፤ ይህን የቈጠረ አልነበረም።) እናታችን ታመው በተኙ ጊዜ አንድ ወር ሙሉ ያስታመመቻቸው ይህችው ልጅ ናት። እኛ መጽሐፈ ሩትን ያነበብን ተማሪዎች ሁለተኛውን ቡና እየጠጣን ነበር፤ ቃል አልተነፈስንም።

እሑድ ፈረስ መጋላ መድኃኔ ዓለም ስናስቀድስ በሴቶቹ በኩል ቆማ አየናት። ቀድማ ሰላም ያለችን እርሷ ናት።