ለቆላ ስንት ቁጥር ነው?

ሸዋ ሮቢት የሽንኩርት፣ የማሾና የማንጎ አገር ናት። ባለ ቱርቦ መኪና እዚህ ብርቅ እንዳይመስላችሁ፤ ሌሊት ሽንኩርት ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚሽቀዳደመው፣ ሰዉ «አልቃይዳ» ያለው አይሱዙ ባለ ቱርቦ ነው። ካንዴላ ግን የለውም። ናፍጣ ተጨምቆ በጋለ አየር በራሱ ይነዳልና ለኳሽ አይፈልግም። የካንዴላ ጭንቀት የሚመጣው ከላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ፣ በቤንዚን፣ ማርሚታውን እያስጮኸ።

የአክስቴ ልጅ ይህን ጭንቀት ይዘው ከሚወርዱት አንዱ ነው። ሱባሩ አለው፤ ባለ ቱርቦ። ለሠርግም ለለቅሶም ወደ ይፋት ሲመጣ ስለ ዘመድ ከሚጠይቀው ስለ ካንዴላ የሚያወራው ይበልጣል። የሰሞኑ ክርክር ፋብሪካው ያዘዘው 6 ቁጥር ይቆይ ወይስ ጓደኞቹ የሚያስሩት 7 ይግባ የሚል ነው። «ሰባቱ እኮ ቀዝቃዛ ነው» ይላል፣ ስለ አምቦ ውሃ እንደሚያወራ ሰው።

ቀዝቃዛ የሚባለው ነጩ የሸክላ አፍንጫው አጠር ብሎ ሙቀቱን ቶሎ ወደ ቴስታታው የሚያሳልፈው ካንዴላ ነው። ትኩሱ አፍንጫው ይረዝማል፤ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። የካንዴላው ጫፍ ከ450 ዲግሪ ገደማ በታች ከሆነ የተለጠፈበትን ጥቀርሻ ማቃጠል ያቅተዋል። ከ850 ካለፈ ደግሞ ራሱ ፍም ይሆንና ብልጭታ ሳይጠብቅ ቤንዚኑን ይለኩሰዋል፤ ፒስተን የሚበሳው እንዲህ ሲሆን ነው። ቱርቦ አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ ሲሊንደሩ ይበልጥ ይግላል፤ ስለዚህ ቀዝቀዝ ያለ ካንዴላ ይስማማዋል። እስከዚህ ድረስ የአክስቴ ልጅ ልክ ነው።

ነገሩ የሚበላሸው ቁጥሩ ላይ ነው። በኤንጂኬና በዴንሶ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ካንዴላው ይቀዘቅዛል፤ ሆኖም የኤንጂኬ 6 በዴንሶ ቤት 20 ነው። በቦሽ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ይግላል። ቦሽም ቢሆን ድሮ እንዲህ አልነበረም፤ የጥንቱ 225 ኋላ 5 ሆነ፣ 175ቱ ደግሞ 7፤ ትልቁ ትንሽ፣ ትንሹ ትልቅ ሆኖ አረፈው። «7 ቁጥር ስጠኝ» ብሎ ሱማሌ ተራ የገባ ሰው ቀዝቃዛ ይዞ ይውጣ ትኩስ፣ የሚወስንለት ባለሱቁ የሚያወርደው ካርቶን ነው።

ካንዴላ እድሜ ጠገብ ነው። ኤቲየን ሌኑዋ እ.ኤ.አ. በ1860 ፓሪስ ላይ የጋዝ ሞተሩን በኤሌክትሪክ ብልጭታ አስነሳ። በ1902 የቦሽ መሐንዲስ ጎትሎብ ሆኖልድ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያመነጭ ማግኔቶ ከካንዴላ ጋር አጣምሮ ሠራ፤ ፈጣን ሞተር ያለ ሐሳብ መዞር የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ቱርቦ ግን የተራራ ልጅ ነው። ስዊሳዊው አልፍሬድ ቡኺ ሐሳቡን በ1905 አስመዘገበ። በ1918 ደግሞ አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ የአውሮፕላን ሞተር በካሚዮን ጭኖ ከራስ ዳሸን ጥቂት ዝቅ ወደሚለው፣ 4,300 ሜትር ወደሚደርሰው ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ ወጣ። ባሕር ጠለል ላይ 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር እዚያ 230 ብቻ ሰጠ። ቱርቦው ሲገጠምለት 356 ደረሰ። ሞስ ቱርቦን የፈለገው ጎረምሳ እንዲያጓራበት ሳይሆን ደጋ ላይ ትንፋሽ ላጠረው ሞተር ነበር ማለት ነው። በዚህ አያያዝ ፓይክስ ፒክ ድረስ ምን አስኬደው? ጣርማ በር ይበቃ ነበር።

ጣሊያን በወረራው ዘመን ጣርማ በር ላይ የፈለፈለው ዋሻ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ያለው የአየር ግፊት የባሕር ጠለሉን 70 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። ቱርቦ የሌላት ቪትዝ እዚያ ስትደርስ የጉልበቷን ሲሶ ገደማ ጥላ ነው። ከዚያ በደብረ ሲና፣ በአርማንያ ቁልቁል ተወርዶ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ አየሩ ይወፍራል፤ ሙቀቱም ያፍናል። ጠዋት ደብረ ብርሃን በውርጭ የተነሳ መኪና ለምሳ ቆላ ነው። ውርጭ ላይ ሞተር ሲነሳ ቤንዚን በብዛት ይረጫል፤ ያኔ 7 ቁጥሩ ጥቀርሻ ይጠጣል፣ ሞተሩ ይቆራርጣል። ከሸዋ ሮቢት ወደ ሰንበቴ ሜዳውን በጋለ አየር ሲጋልቡት 7ቱ ደስ ይለዋል። አንዱ ካንዴላ ሁለቱንም አገር መቻል አለበት፤ ፋብሪካው 6 ያለውም ይህንኑ አስቦ ይመስለኛል። ሞተሩ ካልተነካ፣ የቱርቦው ግፊት ካልተጨመረ፣ እኔ ከ6 አልወጣም።

የአክስቴ ልጅ አላመነኝም፤ ሮቢት ወዳለ አንድ ጋራዥ ሄድን። የሱባሩ ሞተር የተኛ ስለሆነ ካንዴላዎቹ በጎንና በጎን ተደብቀዋል፤ ባትሪው ይነሳል፣ የአየር ማጣሪያው ቤት ይነሳል፣ መፍቻው በጠባብ ቦታ ሩብ ሩብ እየዞረ ይፈታል። መካኒኩ የመጀመሪያውን አወጣና በሱሪው ጠረግ አድርጎ ወደ ፀሐይ ያዘው። አፍንጫው ደብዘዝ ያለ የቡና በወተት መልክ ነበረው፤ እንደ ከሰል አልጠቆረም፣ ነጥቶም አልተቋጠረም። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጤነኛ ነው፤ ለምን ታሠቃዩታላችሁ?» አለኝ፣ ባለቤቱን ትቶ።

የቀረው ክፍተቱ ነበር። የአክስቴ ልጅ ክፍተቱ ሲሰፋ እሳቱ ይበረታል ባይ ነው። ቱርቦ በሌለው ሞተር እስከ 1.1 ሚሊ ሜትር ይኬዳል። የተጨመቀ አየር ግን ብልጭታውን አላሳልፍም ስለሚል ባለ ቱርቦው 0.7 ወይም 0.8 ላይ ይቆማል። መካኒኩ ለካው፤ ልክ ነው። በሲሚንቶ ላይ ቀጭ እያደረጉ ማጥበብ የድሮው የኒኬል ካንዴላ ወግ ነው፤ የኢሪዲየም ጫፍ ቀጭን ስለሆነ እንዲህ ቢነካ ይሰበራል። ኢሪዲየም ከ2,400 ዲግሪ በላይ ካልጋለ አይቀልጥም፤ ዕድሜ ይሰጣል። ፈረስ ግን አይጨምርም፤ ዋጋው ቢያስመስለውም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከልክሏል። የአክስቴ ልጅ ሱባሩውን የሚተካበት ሌላ ባለ ቤንዚን ሱባሩ ከውጭ ማስገባት አይችልም፤ ስለዚህ ክርክሩ ገና ብዙ ዓመት ይቀጥላል። የኤሌክትሪኩ መኪና የጣርማ በርን ቁልቁለት እየወረደ ባትሪውን ይሞላል፤ የሚቀየር ካንዴላም የለውም። እንዲህ ያለ ደንበኛ መጥቶ ያውቅ እንደሆነ መካኒኩን ጠየቅሁት።

«አንድ መጥቷል» አለ።

«ምን ሠራህለት?»

«ጎማውን ነፋሁለት፤ ማንጎ ገዛኝ፤ ሄደ።»