ወፍጮውና ፈጪዋ

በስድስት ኪሎ ግቢያችን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክር መኖሩን ሁላችንም እናውቃለን፤ ገብተን ያየነው ግን ጥቂቶች ነን። ሕንፃው ቀድሞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ስለ ነበረ፥ የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ቤት ለማየት የመጣ እንግዳ በዚያው ጣራ ሥር የባላገሩን ዕቃ ያገኛል። እኛ ስንጎበኘው ዕቃው ከልደት እስከ ሞት ባለው የሰው ዕድሜ ተራ ተደርድሮ አየን፤ አደራረዱም ደስ አሰኘን።

ይሁን እንጂ ከገጠር ለመጣን ተማሪዎች ይህ የእናታችን ጓዳ እንጂ እንግዳ ነገር አይደለም። ምጣድ በጎመን ዘር ካልተሟሸ እንጀራው እንደሚይዝ፥ ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ ጢስ ካልታጠነ ጠላው እንደማይጥም፥ ወፍጮ ሲለሰልስ ካልተወቀረ እህሉን እንደማያደቅ ዕቃው ራሱ አይናገርም። የሚናገሩት እናቶቻችን ናቸው፤ እነርሱም ዕድሜያቸው እየገፋ ነው።

ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ «ይህ ሁሉ የኋላ ቀርነት ምልክት ነው፤ ቢጠፋስ ምን ይጎዳናል?» ይላሉ። እኛም ብንሆን እናቶቻችን ወደ ወፍጮ ይመለሱ አንልም። ሌሊት ተነሥቶ፥ ልጅ አዝሎ፥ በጉልበት ተንበርክኮ መፍጨት ምን እንደ ሆነ የምናውቅ ሰዎች የሞተር ወፍጮን እንመርቃለን። ነገር ግን ወፍጮው ታጥቦ ሲቀመጥ ተመልካች «እንዴት ያምራል!» ብሎ ያልፋል፤ የፈጪዋ ድካም ግን ከነእንጉርጉሮዋ ይረሳል። ድካሙን ካልጻፍን ያቆየነው ድንጋዩን ብቻ ነው።

በስዊድን አገር አርቱር ሀሴሊዩስ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1891 የከፈተው ስካንሰን የገጠር ቤቶችን ከየአውራጃው ነቅሎ አምጥቶ በአንድ ቦታ ተክሏል፤ የጥንቱንም ሥራ ሰው እየሠራ ያሳያል። እኛ ቤት ነቅለን ለማምጣት አቅም የለንም፤ ደብተርና እርሳስ ግን አለን።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፥ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ ከእናቶቻችን ጓዳ እንቀመጥ። የዕቃውን ስም በየአገሩ አነጋገር፥ አሠራሩን፥ ማን እንደ ሠራውና ማን እንደ ደከመበት ጠይቀን እንጻፍ። በየስብሰባው «ባህላችን! ባህላችን!» እያልን ከምንጮኽ፥ እያንዳንዳችን አንዲት ደብተር ሞልተን ብንመለስ ለቤተ መዘክሩም ለራሳችንም ይበጃል።