ጋዜጣው ላይ የረገፈው

ልጅ እያለሁ አረም ማረም አይሆንልኝም ነበር። ጤፉን ነቅዬ አረሙን እተወዋለሁ። አባባ ከኋላዬ እየመጡ «አንተ ልጅ፣ እንጀራችንን ነቀልከው እኮ!» ይሉና ከጎረቤት ጋር በአውንጊ እየተቀባበሉ ይስቁብኛል። ትምህርት ላይ ስበረታ ደግሞ «ተዉት፣ እሱ ለወረቀት ነው የተፈጠረው» ተባለ።

ወረቀቱም አላዳነኝም።

የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ላይ የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ሳር ነበር። ቤታችን ቆሰበር ነው፤ የአባባ የጤፍ ማሳ ግን ወደ ዳንግላ ዝቅ ብሎ ነው ያለው። ህዳር ላይ፣ አጨዳ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት፣ በማሳው ጠርዝ ዞርኩ። ሳሩን ከነስሩ ትነቅላለህ፣ አፈሩን ታራግፋለህ፣ ጋዜጣ መሀል አጥፈህ ታስተኛለህ፣ በእንጨት ተጭኖ ይደርቃል። ከዚያ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ከምን ጋር እንደበቀለ ትጽፋለህ። ቀላል ይመስላል።

እኔ ቸኮልኩ። በሰባት ናሙናዎች ላይ «ጤፍ፣ ከማሳ ያመለጠ» ብዬ ጻፍኩ። አንዳንዱ ጋዜጣ ውስጥ ሁለት ሦስት ተክል አብሬ አስተኛሁ፤ ያው አንድ አይነት ናቸዋ!

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጋዜጦቹን ስከፍት፣ አራቱ ላይ ፍሬው ከዘለላው አልተነቃነቀም። ሦስቱ ላይ ግን ፍሬው ወረቀቱ ላይ እንደ አሸዋ ተበትኗል። ዘለላዎቹን በማጉያ መነጽር ሳያቸው አንደኛው ተክል ፍሬውን ይዟል፣ አጠገቡ ያለው ባዶውን ቀርቷል። ፍሬው ከነውጪኛው ቅርፊት ረግፎ፣ ስስ የውስጥ ቅርፊቱ ብቻ ዘንጉ ላይ ተጣብቋል።

ያኔ ነው ልቤ ዝቅ ያለው።

ጤፍ ኢራግሮስቲስ ከሚባለው ወገን ነው፤ በዓለም ላይ 350 ገደማ ዘመዶች አሉት። ከሁሉም በጣም የሚመስለው ኢራግሮስቲስ ፒሎሳ የሚባለው የዱር ሳር ነው። ብዙ ተመራማሪዎች የጤፍ ቅድመ አያት እሱ ነው ይላሉ። የክሮሞዞማቸው ቁጥር እንኳ አንድ ነው፣ 40። ቢዳቀሉም የሚወልድ ዘር ይሰጣሉ። ስልቪያ ፊሊፕስ ስለ ኢትዮጵያና ኤርትራ ሳሮች እ.ኤ.አ. በ1995 ያሳተመችው መጽሐፍ ከጎኔ ነበር። የዱሩ ሳር ዘለላ የታችኛው ቅርንጫፍ በሚጀምርበት ብብት ውስጥ ረዘም ያለ ጸጉር አለው። ጸጉሩ ግን ብቻውን አይበቃም። ትልቁ ልዩነት መርገፉ ነው። የዱር ሳር ፍሬውን ካልበተነ ዘሩ አይቀጥልም፤ ጤፍ ግን እስኪወቃ ድረስ ይዞ ይቆያል።

«ታዲያ ምን አለበት? ሁለቱም ሳር ነው» ትሉኝ ይሆናል። አለበት። ጤፍ ቁመቱ እየረዘመ ይጋሸባል፣ ንፋስና ዝናብ መሬት ላይ ያስተኛዋል። አዳቃዮች መፍትሔ ሲፈልጉ ከሚያዩባቸው ቦታዎች አንዱ እነዚህ የዱር ዘመዶች ናቸው። ነገ አንድ ሰው የኔን ናሙና አምኖ ቢነሳ፣ ስሙ የተሳሳተ ሳር ይዞ ነው የሚለፋው።

ማንም አላየኝም። የረገፈውን ፍሬ እፍ ብዬ ባጠፋው ኖሮ ያለቀ ጉዳይ ነበር። ሁለት ቀን አሰብኩበት፤ አልዋሽም። ችግሩ፣ የረገፈው ፍሬ ከየትኛው ተክል እንደሆነ እኔም አላውቅም። በመጨረሻ ለአማካሪዬ ነገርኩት። ብዙ አልተቆጣም። «የተቀላቀሉትን ሦስቱን አውጣቸው፤ ምዕራፉም ይጠር» አለኝ። ሄጄ እንዳልደግመው ማሳው ታጭዶ ከብት ገብቶበት ነበር። የጓጓሁለት ምዕራፍ ሁለት ገጽ ሆኖ ተመረቅኩ።

በቀጣዩ ህዳር ግን ተመለስኩ፤ ማንም ሳይጠይቀኝ። አባባን ይዤ ጠርዙ ላይ ቆምን። ያለፈውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ይስቃሉ ብዬ ነበር፣ አልሳቁም። አንዱን ዘለላ ጨብጠው በቀስታ ሳብ አደረጉና መዳፋቸውን ከፈቱልኝ። በፍሬ ተሞልቷል። ሌላውን እንዲሁ ሳብ አደረጉ፤ መዳፋቸው ባዶ ነው።

«ጤፍ አጫጁን ይጠብቃል» አሉ። «ያኛው አይጠብቅህም።»

«አባባ፣ ይሄን ለምን ያኔ አልነገሩኝም?»

«መቼ ጠየቅከኝ?»

ያን ቀን አንድ ጋዜጣ ውስጥ አንድ ተክል ብቻ አስተኛሁ። የሚረግፈውንም በትንሽ ፖስታ አድርጌ ከየተክሉ ጋር አያያዝኩት። መለያ ወረቀቱ ላይ «ሰብሳቢ» የሚል ቦታ አለ፣ ስሜን ጻፍኩ። ከስሩ «የለየው» ይላል። እዚያ የአባባን ስም ጻፍኩ።