ቁልፉ እኔ ኪስ ነበር

በ2007 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አክስቴ ወደ ሉክሰምበርግ ሄደች። እዚያ የምትኖረው ልጇ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ደርሳ ነበርና «እናት እያላት በሰው አገር ብቻዋን አትታረስም» ብላ ተነሣች። ግንደወይን ያለውን ቤቷን እንድጠብቅላት የጠየቀችው እኔን ነው። አዲስ አበባ የነበረኝን ሥራ ለቅቄ ሌላ እያፈላለግሁ ስለነበር ሦስት ወር ከከተማ መራቁን ወደድኩት።

የወደድኩበት ሌላም ምክንያት ነበረኝ። የአክስቴ ልጅ ተማሪ ሳለች ለዕረፍት የሚሄዱ ሰዎችን ቤት ትጠብቅ ነበር። ኪራይ አትከፍልም፣ ደመወዝም አትቀበልም፤ ድመት ታበላለች፣ አበባ ውኃ ታጠጣለች፣ በቀረው ጊዜዋ አገር ታያለች። ሉክሰምበርግ 2,586 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነች አገር ስለሆነች ጠዋት ወጥታ ማታ ትመለሳለች። የቪያንደንን ግንብ ያየችው እንደዚያ ነው፤ ድንበር ተሻግራ ጀርመን ውስጥ ትሪየር ከተማ ያለውን የሮማውያን በርም እንደዚያው። ከላከችልኝ ፎቶዎች አንዱ የሼንገን ነበር። እኛ በቪዛ ስም ብቻ የምናውቃት ሼንገን ሞዜል ወንዝ ዳር ያለች የወይን ተክል መንደር ናት፤ ስምምነቱ በ1985 እ.ኤ.አ. እዚያ ስለተፈረመ ነው ስሟ ዓለምን የዞረው። ከፎቶው ሥር «እኛም እኮ ግንደወይን ነን» ብላ ጽፋልኝ ነበር።

ያ ቃል ከልቤ አልወጣም። የአያቶቼ አገር ነው፤ ግን በልጅነቴ ለክረምት ከመምጣት በቀር አላውቀውም። ምሥራቅ ጎጃም ዞን ብቻውን አምስት ሉክሰምበርግ ይወጣዋል። እኔም እንደ እሷ ቤት እየጠበቅሁ አገሬን አያለሁ አልኩ።

አክስቴ የሄደች ዕለት ጠዋት ግቢውን አዞረችኝ። ውሻውን፣ ዶሮዎቹን፣ የጓሮውን ጌሾ አሳየችኝ። ከዋናው ቤት ጀርባ ያለችውን ጓዳ ከፈተችና «ይኸ የእድሩ ዕቃ ነው» አለችኝ። ጥቀርሻ የጠጡ ሁለት ትልልቅ ጎላዎች አፋቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል፤ ሳህኖቹ በማዳበሪያ ከረጢት ታስረዋል፤ የድንኳኑ ሸራ ተጠቅልሎ ጥግ ይዟል። ቆልፋ በቀይ ክር የታሰረውን ቁልፍ እጄ ላይ አደረገችው። ቀጥላም «አደራህን፣ ቤቴን ጭስ እንዳታሳጣው» አለች። ስለ ዕቃው የተናገረችውን እንዳትነካው እንደማለት ወሰድኩት። የጭሱን ደግሞ ምግብህን አብስለህ ብላ እንደማለት።

በየጠዋቱ አንድ ጎረቤታችን አዛውንት በር ይመጣሉ። ከአክስቴ ጋር በአንድ አጥር ነው የሚኖሩት፤ የጠዋት ቡናቸውን ለዓመታት ሲጠጡ የኖሩት እሷ ቤት ነው። ብትራቸውን ቆርቆሮው በር ላይ ሁለት ጊዜ ያንኳኳሉ። እኔ «እንዴት አደሩ አባቴ፣ ይግቡ» እላለሁ፤ ግን ቡና አላፈላም፤ ብዙ ጊዜም ጫማዬን አስሬ ለመውጣት ቆሜአለሁ። ስለዚህ ከበሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ይቀመጡና «ዛሬስ ወዴት ነው?» ይሉኛል። የምሄድበትን ስነግራቸው መንገዱን ያስረዱኛል፤ የትኛው ወንዝ በየት በኩል እንደሚሻገር፣ ማን ቤት ውኃ እንደሚጠየቅ ሳይቀር።

እውነት ለመናገር ያየሁት አገር ድንቅ ነው። ቢቸና ሄድኩ፤ ነጭ ጤፏ በአዲስ አበባ ወፍጮ ቤቶች ስሟን ያስጠራ፣ አካባቢዋም በላይ ዘለቀ ጣሊያንን የተዋጋበት አገር ነው። ያ አርበኛ ጠላት ከወጣ በኋላ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት መሞቱን ሳስብ እስካሁን ይከብደኛል። ዲማ ጊዮርጊስ ደረስኩ፤ ሐዲስ ዓለማየሁ የተማሩበት ደብር ነው፤ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያነበብኩትን መንደር በእግሬ ረገጥኩት።

መርጡለ ማርያም ግን ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። እቴጌ እሌኒ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያሠራችው ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ እዚያ አለ። በግድግዳው ድንጋይ ላይ የተፈለፈሉት መስቀሎችና አበቦች ትናንት መሮ የለቀቃቸው ይመስላሉ። አንዱን አበባ በጣቴ ተከትዬ ዞርኩት፤ ቅጠሎቹ ጠርዛቸው ገና ስል ነው። ይህች ሴት ከዚህ ደጋ ሆና ማቴዎስ የሚባል መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ የላከች ናት። እኛም አውሮጳን ፈልገን ልከን ነበር ማለት ነው። ያን ቀን ማታ ለአክስቴ ልጅ ረጅም መልእክት ጻፍኩላት፤ እናቷ ስለ ጎረቤቶቿ የጠየቀችኝን ግን «ሁሉም ደህና ናቸው» ብዬ በአንድ መሥመር አለፍኩት። ደህና መሆናቸውን በምን አውቄ?

ስለ ሰባራ ድልድይ የነገሩኝ አዛውንቱ ናቸው። ከሞጣ ወደ ዓባይ በረሃ ተወርዶ የሚገኝ፣ ጎጃምን ከአንዳቤት ጋር የሚያገናኝ፣ በአፄ ፋሲል ዘመን ተሠራ የሚባል የድንጋይ ድልድይ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አርበኞች መካከሉን ሰበሩት፤ ስሙም ከዚያ ወዲህ ሰባራ ሆነ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት ሰው የተሻገረው በገመድ ነው። ተሻጋሪው ወገቡ ይታሰራል፤ በዚህ ማዶ አሥር ያህል ወንዶች፣ በዚያ ማዶም እንደዚያው ቆመው ይዘውት ይጎትቱታል፤ ከሥር ዓባይ ይጮኻል። አዛውንቱ በጎልማሳነታቸው እንዲያ ተሻግረዋል። «ስትሻገር ዓይንህን ጨፍነህ የያዙህን ሰዎች ትቆጥራለህ እንጂ ውኃውን አታይም» አሉኝ። ከዚያ ብትራቸውን ወደ ሞጣ አቅጣጫ ዘርግተው «ሂድና እይልኝ፤ ስትመለስ እንዴት እንደሆነ ትነግረኛለህ» አሉ።

ጥር መጨረሻ ላይ ሰኞ ዕለት ወጣሁ። ሞጣ አድሬ ገበያ ውለው ከሚመለሱ ሰዎች ጋር ቁልቁል ወረድኩ። ሙቀቱ እየጨመረ፣ የእግሩ መንገድ እየጠበበ ሄደ። የገመዱን መሻገሪያ ፎቶ መጽሔት ላይ አይቶ ከአሜሪካ የመጣ አንድ ሰው በ2002 እ.ኤ.አ. ድልድዩን አስጠግኖት ነበር፤ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለው የእግረኛ ድልድይ ሠሪ ድርጅትም የተወለደው ከዚሁ ነው። ጥገናውን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዓባይ ሞልቶ ወሰደው፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሽቦ የተንጠለጠለ አዲስ ድልድይ ተሠራ። እሱ ላይ ቆሜ አሮጌውን ድንጋይ አየሁ። ገመድ ስለያዙት ሰዎች አሰብኩ፤ ከመካከላቸው አንዱ ቢቀር ምን ይሆን ነበር እያልኩ ብዙ ቆየሁ። ለአዛውንቱ የምነግራቸውንም በልቤ ቃል በቃል አዘጋጀሁ። ስልኬ ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ ኔትወርክ አልነበረውም። በቀይ ክር የታሰረው ቁልፍ ሱሪዬ ኪስ ውስጥ ነበር።

ሐሙስ ተመልሼ ከመኪና ስወርድ በአጥራችን ጎን ድንኳን ተተክሎ አየሁ። አዛውንቱ ለማክሰኞ አጥቢያ ሌሊት አርፈዋል፤ ያ ቀን ሰልስታቸው ነበር።

ድንኳኑን አተኩሬ ሳየው የእኛ እድር እንዳልሆነ ገባኝ። ማክሰኞ ንጋት ላይ ጡሩምባው ሲነፋ ሰው ወደ አክስቴ በር መጥቶ ነበር። በሩ ዝግ፣ ጓዳው ዝግ። አንዱ ጎረምሳ ቁልፉን እንስበረው ሲል የእድሩ ዳኛ «የሰው ቤት አይሰበርም» ብለው ከልክለው፣ ሴቶቹ ከሌላ ሰፈር እድር ድስት ተሸክመው መጡ። ይህን ሁሉ የነገረችኝ አንዲት እናት ናት፤ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ ነው የነገረችኝ። «ቁልፉ የት ነበር ልጄ?» ብቻ አለችኝ። ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋት። የምለው ቃል አጣሁ።

ለቅሶው ውስጥ ገባሁ። ሰው ጠጋ ጠጋ ብሎ ቦታ ሰጠኝ፤ የወቀሰኝ የለም። ባለቤታቸው እጄን ይዘው «ሰኞ ጠዋት መጥተው አንኳኩ፤ የለም ሞጣ ወርዷል አልኳቸው፤ ሲመጣ ይነግረኛል አሉ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ያለቀስኩት ለወግ አልነበረም።

በማግሥቱ ቅጣት ካለ ልክፈል ብዬ ወደ እድሩ ጸሐፊ ሄድኩ። መዝገቡን ገለጠልኝ። የአክስቴ ስም በዓመታቱ ሁሉ ላይ ምልክት ተደርጎበት ይወርዳል፤ አንድም ቀን አልጎደለችም። በመጨረሻው መሥመር ላይ በሰማያዊ ቀለም «ቀሪ» ተጽፏል። አገር ውስጥ እንደሌለች ያውቃሉ፤ ግን ቤቷ ውስጥ ሰው አለ ተብሎ ተመዝግቧል። እድሩ ውስጥ የምትቆጠረው ቤቷ ናት፤ ቤቷ ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ያኔ ነው «ጭስ እንዳታሳጣው» ያለችኝ የገባኝ። የአክስቴ ልጅ የምትጠብቃቸው ቤቶች ባለቤቶች ሁለት ገጽ ወረቀት ጽፈው ይተዉላት ነበር፤ ድመቷ የምትበላውን፣ ቆሻሻ የሚወጣበትን ቀን፣ የእንስሳት ሐኪሙን ስልክ። እዚያ ይበቃ ይሆናል። የአክስቴን ቤት ግን በወረቀት ማን ይጽፈዋል? ቤቷ ማለት ጠዋት የሚፈላ ቡና ነው፣ በድንጋይ ላይ ሳይሆን በመደብ ላይ የሚቀመጡ አዛውንት ናቸው፣ ጡሩምባ ሲነፋ ከሁሉ ቀድሞ የሚከፈት ጓዳ ነው። እኔ ግድግዳውን ጠብቄ ቤቱን ጣልኩት። በአገራችን ይህን የሚያደርግ ሰው ስም አለው፤ አደራ በላ ይባላል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሩቅ አልሄድኩም። በየጠዋቱ ቡና አፈላሁ፤ መጀመሪያ አሳረርኩት፣ ጎረቤቶች አስተማሩኝ። የአዛውንቱ ባለቤት በሦስተኛው ቀን መጡ። ስለ ሰባራ ድልድይ ለእሳቸው ነገርኳቸው፤ ስለ ሽቦው፣ ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ውኃው ድምፅ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «እሳቸው ይህን ቢሰሙ ደስ ይላቸው ነበር» አሉ።

አክስቴ የካቲት ላይ ተመለሰች። በስልክ ሁሉንም ነግሬያት ነበር። ከመኪና ስትወርድ ሻንጣዋን ከበሩ ላይ አስቀምጣ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በቀጥታ ወደ ጎረቤት ገባች፤ የለቅሶዋ ድምፅ እኛ ግቢ ድረስ ተሰማ። ስትመለስ እሳት አቀጣጠለችና «ሂድ ጥራቸው» አለችኝ።

መዝገቡ ላይ «ቀሪ» የሚለው ቃል በአክስቴ ስም ትይዩ አሁንም አለ። የጻፈው ጸሐፊው ነው፤ ያስጻፍኩት እኔ ነኝ።