ናፍጣና የልጅ ልጄ ደብተር

ልጄ አንድ እሑድ ከቡና በኋላ ወደ ጓዳ ጠራችኝና «አባዬ፣ እባክህ ምከርልኝ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሶ ቀኑን ሙሉ መኪና ይስላል» አለችኝ። እሷ ሐኪም እንዲሆንላት ነው የምትፈልገው።

ልጁን በረንዳ ላይ አገኘሁት። ከሐዋሳ ሐይቅ የሚመጣው ነፋስ ደብተሩን እያገላበጠ ያስቸግረዋል። የሳለው መሬት የነካ የሚመስል የእሽቅድድም መኪና ነው። «በናፍጣ የሚሄድ ነው፣ አባባ» አለኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ከሐዋሳ ሞያሌ በኤንትሬ ፊያት ስመላለስ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ «ናፍጣ ጠጠር ይጭናል እንጂ መቼ ይሽቀዳደማል!» አልኩት። ደብተሩን ዘጋ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም አላሳየኝም። አያት የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፣ እንዲህ ያለው ዝምታ ከስድብ ይከብዳል።

በመጨረሻ እኔው ሄጄ «እስቲ አስረዳኝ» አልኩት። ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። እ.ኤ.አ. በ2006 ኦዲ አር10 የተባለ የናፍጣ መኪና ፈረንሳይ ውስጥ የሚካሄደውን የለማን የ24 ሰዓት ውድድር አሸነፈ። ከዚያ በፊት ያንን ውድድር ያሸነፈ የናፍጣ መኪና አልነበረም። ሞተሩ 12 ሲሊንደር፣ 5.5 ሊትር፣ ባለ ሁለት ቱርቦ ነው፤ ጉልበቱ ከ650 ፈረስ በላይ።

እውነቱን ለመናገር ያስደነቀኝ ፍጥነቱ አይደለም። ናፍጣ በካንዴላ አይነሳም፤ አየሩ ታምቆ ሲግል ነው የሚቀጣጠለው። ያንን ግፊት የሚችል ሞተር ደግሞ ይከብዳል። «ክብደቱን ምን አደረጉት?» አልኩ። ብሎኩን ከአሉሚኒየም ሠሩት። ያም ሆኖ ሞተሩ ረጅምና ከባድ ስለነበር በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለውን ርቀት ማስረዘም ግድ ሆነባቸው። ካምቢዮውም ያንን የመጎተት ጉልበት እንዲችል ሆኖ ተሠራ። «ጭሱስ?» ማጣሪያ አለው። የእኔ ኤንትሬ ዳገት ሲወጣ ከኋላዬ ለሚመጣው ሰው መንገዱ አይታየውም ነበር!

ናፍጣ ለረጅም ሩጫ ለምን እንደሚበጅ ግን ያስረዳሁት እኔ ነኝ። በአንድ ሊትር ከቤንዚን የበለጠ ያስኬዳል፤ ለመቅዳት መቆም ይቀንሳል። ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኪሴ ነው የማውቀው።

ከዚያ ሥዕሉን አየሁት። «መካኒኩ እጁን የሚያስገባው በየት ነው? በእኩለ ሌሊት ካምቢዮ ቢሰበር ሞተሩን ሊያወርዱ ነው?» አላሰበበትም ነበር። ላጲስ አነሳና የኋላውን ክዳን አጠፋው፤ እኔም መነጽሬን አምጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

እስኪመሽ ቆየን። ልጄ ከሥራ ስትገባ «መከርከው?» በሚል ዓይን አየችኝ። እርሳሱ በእኔ እጅ ነበር።